የሐሞት ከረጢት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ምን እንመገብ?

ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ሲሆን፣ ከረጢቱ እያጠራቀመ ቅባት ያለው ምግብ ሲበላ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀው ነበር። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ሐሞቱ ያለማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚፈስ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ቅባት የበላ ሰው ሆዱ ሊነፋ ወይም ሊያስቀምጠው ይችላል። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መመገብ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን የአጃ አጥሚትና ቅባቱ የተገፈፈ ሾርባ ይበቃል። ደሴ ላይ የሚያስቸግረው ከምግቡ ይልቅ ጠያቂው ነው፤ ብርዱን አስበው ገንፎውን መሐሉን ጎድጉደው ቅቤ ሞልተውበት የሚመጡ እናቶችን እምቢ ማለት ስለሚከብድ፣ ቤተሰቡ ቀድሞ ቢነግራቸውና ገንፎው በአሬራ ቢቀርብ መልካም ነው። ሽሮና ምስር ሆድ ስለሚነፉ በትንሹ ይጀመሩ፤ ዘይታቸውም ከጠርሙሱ ሳይሆን በማንኪያ ተለክቶ ይግባ። ጥብስና ክትፎ ለጥቂት ሳምንታት ይቆዩ። ቡና ተቅማጥ ካባባሰብዎት ከአቦሉ በኋላ ሲኒዎን ይመልሱ።

በረመዷን ወቅት ከሆነ መጾምዎን አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይማከሩበት፤ ሲያፈጥሩም በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ባዶ ሆድ ላይ አይውሰዱ።

አብዛኛው ሰው ከሳምንታት በኋላ ወደ ተለመደው ምግቡ ይመለሳል። ትኩሳት፣ የማይበርድ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።