የቆየ ቢኤምደብሊው የኋላ መስታወት መጋረጃ አልወጣ ሲል እንዴት እንደሚጠገን

እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2001 ከተመረተው ቢኤምደብሊው ኢ38 (የ7 ሲሪስ ሞዴል) ቅንጦቶች አንዱ የኋላ መስታወት መጋረጃው ነው። ቁልፉ ሲጫን ከኋላ ወንበር ጀርባ ካለው መደርደሪያ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ይል ነበር ማለት ይሻላል፤ መደርደሪያው ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው ስለኖረ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባሪ ሆኗል። የኔን ጋራዥ ስወስደው «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ሙሉው ይቀየር» ተባልኩ። ሞተሩ ግን ደህና ነበር፤ የተሰበረው ከጥፍር የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመፍታትዎ በፊት ያዳምጡ። ሬዲዮውን አጥፍተው፣ በሩን ዘግተው ቁልፉን ይጫኑ። ጸጥ ካለ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ፊውዙን፣ ከዚያ ቁልፉን፣ ከዚያ የሞተሩን ሶኬት በቴስተር ይፈትሹ። ሞተሩ እየጮኸ መጋረጃው ካልተነቃነቀ የማርሹ ጥርስ ተበልቷል፣ አለዚያም መጋረጃውን ወደ ላይ ከሚገፉት ሁለት ክንዶች አንዱ ከቦታው ወጥቷል። ቀጭ ቀጭ ካለ ጥርስ እየዘለለ ስለሆነ ደጋግመው አይጫኑት፣ የቀረውንም ይጨርሰዋል። ተንጋዶ ከወጣ አንዱን ክንድ ይጠርጥሩ።

ባትሪው ያለው ከኋላ፣ በዕቃ መጫኛው ቀኝ በኩል ነው። ኔጌቲቩን ፈትተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቢጫ ሶኬት ካዩ የኤርባግ ነውና አይንኩት። መቀመጫውን የፊት ጠርዙን ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ከክሊፑ ይላቀቃል፤ ሽቦ ካለው ሶኬቱን ሳይነቅሉ አያውጡት። ቀጥሎ የወንበሩን ጀርባ፣ ከዚያ በኋላ መስታወቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሽፋኖች ያንሱ። ለሽፋኖቹ የፕላስቲክ ማንሻ እንጂ ካቻቢቴ አይጠቀሙ፤ በብርድ ጠዋትም አይጀምሩ፣ ክሊፑ ይሰበራል። መደርደሪያው ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል። በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ጨርቁ የተጠቀለለበት ዘንግ ውስጥ የተወጠረ ሞላ አለ። ጨርቁን ከላይኛው ዘንግ ከማላቀቅዎ በፊት ጥቅልሉን በጠንካራ ቴፕ ይሰሩት። ከለቀቁት በአንድ ጊዜ ይፈታል፣ ጣትም ይመታል፤ ስንት ዙር ተወጥሮ እንደነበረ ካልቆጠሩ ደግሞ መልሶ ማስተካከሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ አልቆጠርኩም ነበር።

ለተሰበረው የክንድ ጫፍ ሱፐር ግሉ አይበቃም፤ በፀሐይ ሙቀት ይለቃል። ሁለቱን ስብራቶች ገጥመው 1.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይብሱ፣ ተመጣጣኝ የብረት ሽቦ ቆርጠው እንደ ካስማ ያስገቡ፣ ከዚያ ባለሁለት ቱቦውን ኤፖክሲ ይቀቡና እስከ ማግስቱ ይተዉት። የተበላ ማርሽ ግን በሙጫ አይድንም። ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ መጋረጃ ገዝተው ማርሹን ብቻ ማዛወር ነው፤ ሲገዙ ጥርሱን በዓይንዎ ይቁጠሩ።

ጨርቁ ከላይኛው ዘንግ የተላቀቀ ከሆነ አሮጌውን ሙጫ በአልኮል ጠርገው በኮንታክት ሙጫ መልሰው ይለጥፉ። ዘንጉ ትንሽ እንኳ ከተዛባ ሲገባ ይታጠፋልና መሃሉን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። መንሸራተቻዎቹ ላይ የሲሊኮን ግሪስ በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ። የሚረጭ ዘይት አይሆንም፤ ጨርቁ ላይ የወረደ ዘይት አይለቅም።

ሞተሩን ለመሞከር 12 ቮልት በቀጥታ ሲሰጡት ለአፍታ ብቻ ያስነኩት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚያቆመው የለም፣ የጠገኑትን መልሶ ይሰብራል። ሽቦዎቹን ሲያቀያይሩ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራል።

ሁሉንም ገጥመው፣ ባትሪውን አስረው፣ መቀመጫው ገና ውጭ ሳለ መጋረጃውን አምስት ጊዜ ያውጡትና ያስገቡት። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ሁለቱ ክንዶች እኩል መውጣታቸውን ይይልዎት። እኩል ከሆኑ መቀመጫውን ይመልሱ።