የሰፈር ኮሚቴ በመሬት አጠቃቀም ለውጥ ላይ ነዋሪን ሲያወያይ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ባለይዞታ መኖሪያ ግቢውን ላቫጆ ላድርገው ቢል ጎረቤት ዝም አይልም። ኮሚቴው ነዋሪውን ሲያወያይ ግን ሥልጣኑን ይወቅ፤ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ፕላን የሚያስፈጽመው የከተማው አስተዳደር ነው። «ተስማምተናል፣ ሥራ» የሚል ወረቀት ከሰጣችሁ ሰውየው እሱን አምኖ ገንዘቡን ያፈስና ኋላ ይፈርስበታል።

መጀመሪያ ፕላኑን እዩ። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላው ከተማ ፕላን፣ በአዋጁ የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው፤ ስለዚህ የያዛችሁት ኮፒ መቼ እንደጸደቀ አረጋግጡ። ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበና የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድ አካባቢ ዝርዝር ፕላን) እንዳለው የፕላን ባለሙያውን ጠይቁ። ቀለም በግምት አይነበብም፤ ካርታው ጥግ ያለውን የቀለሞቹን ትርጉም መግለጫ ተመልከቱ።

ካርታውን በ1፡500 በኤ1 ወረቀት አሳትሙ። 1 ሳንቲሜትር 5 ሜትር ይሆናል፤ ወረቀቱም 420 በ297 ሜትር ያህል ስለሚይዝ እያንዳንዱ ግቢ ይለያል። በ1፡2000 ከታተመ ግን 10 በ20 ሜትር የሆነ ግቢ 5 በ10 ሚሊሜትር ይሆንና ማንም ቤቱን አያገኝም። ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና የሐይቁ ወገን ወደ ሐይቁ፣ የታቦር ተራራ ወገን ወደ ታቦር እስኪገጥም አዙሩት። ወፍጮ ቤቱን፣ ቦኖውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉበት። ካርታ አይተው የማያውቁ እናት ከወፍጮ ቤቱ ተነስተው በጣታቸው መንገዱን ተከትለው «ይቺ የኔ በር ናት» ሲሉ ውይይቱ ያኔ ተጀመረ።

ማስታወቂያውን ከ10 ቀን በፊት በሲዳምኛና በአማርኛ ለጥፉ፤ በእድር ለፋፊም አስነግሩ። ሰኞና ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ነጋዴ እናቶች አይመጡም፤ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ተከራይን አትርሱ፤ የይዞታ ማረጋገጫ የለውም ተብሎ ይታለፋል እንጂ ጫጫታውንና ሽታውን የሚችለው እሱ ነው። አመልካቹ ዘመዱ የሆነ የኮሚቴ አባል ያን ቀን ከሰብሳቢነትም ከጸሐፊነትም ይውጣ።

ከስብሰባው በፊት ቦታውን በሜትር ለኩ፦ የመንገዱን ስፋት፣ እስከ ቅርቡ መኝታ ቤት ያለውን ርቀት፣ ፍሳሹ የሚሄድበትን። ለሐዋሳ ዋናው ጥያቄ ይህ የመጨረሻው ነው። ሐይቁ በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ከላቫጆ የወጣ ዘይት እዚያ ከገባ አጥቦ የሚወስደው የለም። በሐይቅ ዳር ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። የውሃ ጉድጓድ ያላቸውን ጎረቤቶች በነሐሴ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚደርስ ጠይቁ፤ በበጋ የተለካ ያታልላል። አመልካቹ «የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ አለኝ» ካለ ክዳኑን አስከፍቱ። ሦስት ክፍል ሊኖረው ይገባል፦ አንደኛው አሸዋና ደለል ያስቀራል፣ ሁለተኛው ዘይቱን ያንሳፍፋል፣ ሦስተኛው ውሃውን ከታች ተቀብሎ ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግንባታው ሳይሆን አያያዙ ነው፤ አሸዋው ካልተጠረገ አንደኛው ክፍል ይሞላና ዘይቱ ቀጥታ ወደ ቱቦው ይነዳል።

በስብሰባው ሰውን 8 ወይም 10 እያደረጋችሁ በቡድን ክፈሉት፤ በትልቁ መድረክ ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው ናቸው።

ቃለ ጉባኤው ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። «ነዋሪው ተቃውሟል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለባለሙያው ምንም አይነግረውም። «ከ41 ተሰብሳቢ 27ቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንዳይሠራና የገንዳው አሸዋ በየ15 ቀኑ እንዲጠረግ ጠየቁ፤ 9ኙ ጨርሶ ተቃወሙ፤ 5ቱ ድምፅ አልሰጡም» ከተባለ ግን ፈቃድ ላይ በቅድመ ሁኔታነት ሊገባ ይችላል። የተቃወሙትን ምክንያት በራሳቸው አባባል ጻፉ። የመገኘት ፊርማ የስምምነት ፊርማ አይደለም፤ ሁለቱን በተለያየ ወረቀት አስፈርሙ። በየገጹ አናት አጀንዳውንና ቀኑን ጻፉ፣ ገጾቹን ቁጥር ስጡ፣ ከመጨረሻው ፊርማ በታች ያለውን ባዶ ቦታ በመስመር ዝጉት። ያለዚያ ወረቀቱ ለሌላ ውሳኔ ሊያያዝ ይችላል።

ቃለ ጉባኤውን በደብዳቤ ለከተማው አስተዳደር ስታስገቡ በራሳችሁ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር አስመቱ። መልሱ ሲመጣ፣ ቢያስደስትም ባያስደስትም፣ መጀመሪያ ማስታወቂያው የነበረበት ቦታ ላይ ለጥፉት።