በዶስ ኮምፒውተር ላይ ራም ከመጨመራችሁ በፊት

እዚህ ሐዋሳ አንድ ወዳጄ የድሮ የሂሳብ መዝገቡን የሚከፍትበትን፣ በዶስ (በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የሚነሣ ባለ486 ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ሰሞኑን አምጥቶልኝ ነበር፤ 8 ሜጋባይት ራም እያለው ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ «ሜሞሪ አይበቃም» ብሎ ይዘጋል። ተራ የዶስ ፕሮግራም በቀጥታ የሚሠራው በመጀመሪያው 640 ኪሎባይት ውስጥ ስለሆነ፣ ራም መግዛት ብቻውን ይህን ችግር አይፈታም። ከዚያ እስከ 1024 ኪሎባይት ያለው ክልል ለስክሪን ካርድና ለባዮስ (ኮምፒውተሩን ለሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) የተያዘ ነው፤ ከ1024 በላይ ያለውን ኤክስቴንድድ ሜሞሪ ደግሞ ሜሞሪ ማኔጀር የሚባል ፕሮግራም ሊያስተዳድረው ይገባል።

ዶሳችሁ 5 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ፣ ኮንፊግ ዶት ሲስ (CONFIG.SYS) የተባለውን፣ ዶስ ሲነሣ የሚያነበውን ፋይል ኤዲት (EDIT) በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ከፍታችሁ ሁለቱን ሜሞሪ ማኔጀሮች፣ መጀመሪያ ሂሜም ዶት ሲስን (HIMEM.SYS)፣ ቀጥሎ ኢኤምኤም386ን (EMM386.EXE) ኖኢኤምኤስ (NOEMS) ከሚለው አማራጭ ጋር ጻፉ፤ ከዚያም ዶስን ራሱን ሃይ ወደሚባለው፣ ከ1024 ኪሎባይት በላይ ወዳለው ክፍል የሚያዛውረውንና ዩኤምቢ የሚባለውን፣ ከ640 እስከ 1024 ባለው ክልል ያለውን ክፍት ቦታ ለድራይቨሮች የሚያዘጋጀውን መስመር (DOS=HIGH,UMB) ጨምሩ። ሂሜም ሳይቀድመው ኢኤምኤም386 ስለማይሠራ ቅደም ተከተሉን አደራ እንዳታዛቡት። ፕሮሰሰሩ 286 ከሆነ ኢኤምኤም386ንና ዩኤምቢን ተዉት፤ ሂሜምና ሃይ ብቻቸውን እንኳ ብዙ ቦታ ያስለቅቃሉ።

የማውስና የሲዲ ድራይቨሮችን (መሣሪያዎቹን የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) ሎድሃይ (LOADHIGH) እና ዲቫይስሃይ (DEVICEHIGH) በተባሉት ትእዛዞች ወደ ዩኤምቢ ካወጣችሁ በኋላ፣ ሜም የሚለውን ትእዛዝ ከሲ ምልክቱ ጋር (MEM /C) ስጡና ለፕሮግራም የቀረውን ትልቁን ነፃ ቦታ ተመልከቱ። በወዳጄ ማሽን ላይ ከ532 ወደ 607 ኪሎባይት ከፍ ብሎ መዝገቡ ተከፍቷል።

ነባሩን ኮንፊግ ዶት ሲስ ፋይል ከማረማችሁ አስቀድማችሁ በፍሎፒ ገልብጡ። ማሽኑ አልነሣም ካለም፣ በዶስ 6 ሲነሣ ኤፍ5ን መጫን እነዚህን መስመሮች ያስዘልላል።