መጀመሪያ ገልብጧት! የድሮ የአሜሪካ የአበባ ማስቀመጫ መሰብሰብ ለምትፈልጉ

ዓለም ገና እኛ ሰፈር የሚያልፈው ቁራሌው በደንብ ያውቀኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ከጆንያው ውስጥ፣ ከአሮጌ ድስትና ከባዶ ጠርሙስ መሀል አንድ የብርጭቆ የአበባ ማስቀመጫ አወጣ። ላይዋ ሙሉ ኮከብ የመሰሉ አበቦችና በመሀላቸው ቁልፍ ቁልፍ የሚመስል ጥለት አለባት። አሜሪካኖቹ ዴይዚ ኤንድ በተን ይሉታል። “ስንት ትላታለህ?” ስለው “ለእትዬ አራት መቶ ብር” አለኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ኮሎምበስ ኦሃዮ ያለችው እህቴ እውነተኛዋን የድሮ ስታመጣልኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የቁራሌዋ በኋላ የተሠራች ቅጂ ነበረች። ያወቅኩት ከታች ነው።

ስለዚህ ጥለቷን ከማድነቃችሁ በፊት ገልብጧት። ብዙ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ስትነሳ ስትቀመጥ የኖረች ብርጭቆ መቀመጫዋ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች ይኖሯታል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ነው። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሰለፈ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጋለችና ተዉአት። ጭራሽ ጭረት ከሌላት ወይ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት ኖራለች፣ ወይ አዲስ ናት። እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው።

ትንሽ ታሪክ ማወቅ ይረዳል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ፎርማ ውስጥ ጨምሮ በማሽን መጫን አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከ1820ዎቹ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሩው ብርጭቆ እርሳስ ስላለበት ከባድና ውድ ነበር። በ1864 ዊሊንግ በምትባል ከተማ ዊልያም ሌይተን በሶዳና በኖራ የሚሠራ ርካሽ ድብልቅ አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ነው ባለ ጥለት ብርጭቆ ተራ ሰው ቤት በብዛት የገባው። ጠርዟን በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ኳ አድርጓት፦ እርሳስ ያለባት እንደ ቃጭል ድምጿ ይረዝማል፣ የሶዳዋ ቶሎ ዝም ትላለች። በ1891 ደግሞ ብዙ ፋብሪካዎች ተዋህደው ዩናይትድ ስቴትስ ግላስ ሆኑና ጥለቶቻቸውን በክፍለ ግዛት ስም መጥራት ጀመሩ። ሻጭ “ይቺ ኮሎራዶ ናት” ካላችሁ የጥለቷን ስም ነው የሚነግራችሁ፣ የተሠራችበትን ቦታ አይደለም።

ጎኗ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የፎርማ መጋጠሚያ መስመር ብታዩ አትደንግጡ፣ ያለ ነው። ቅጂዎቹን ብዙ ጊዜ የሚያሳብቅባቸው ጥለታቸው ነው፤ ይደበዝዛል፣ ሲነካም ቅባት የተቀባ ይመስላል። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና አውራ ጣታችሁን በአፏ ዙሪያ አስኪዱ። ዓይን ያለፈውን ሽራፊ ጣት አያልፈውም።

ረዣዥሞቹን በተለይ እወዳቸዋለሁ። አፋቸው ወጣ ገባ፣ አንዳንዴም ዘመም ያለ ነው። ሠራተኛው ብርጭቆዋን ከፎርማ አውጥቶ እንደገና ያግላትና ከሥሯ ይዞ ያወዛውዛታል፣ በራሷ ክብደት እየተሳበች ትረዝማለች። ለዚህ ነው ከአንድ ፎርማ የወጡት እንኳ ቁመታቸው እኩል የማይሆነው። እኔ ጋ ካሉት አንዷ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ እሷን ባየሁ ቁጥር የዚያ ሰው ክንድ ይታየኛል።

ረጅም ሁሉ ግን የአበባ አይደለም። በዚያ ዘመን ሴለሪ የሚባለው አትክልት የክብር ምግብ ስለነበር እግር ባላት ረጅም ብርጭቆ ቆሞ ይቀርብ ነበር። አጠር ያለችው ደግሞ የማንኪያ ማስቀመጫ ናት። ሁለቱም ዛሬ የአበባ ተብለው ይሸጣሉ። ግዟቸው፣ ያምራሉ፤ ምን እንደገዛችሁ ግን እወቁ።

ሱቆች ፎርጂድ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ተውሳችሁ ጨለማ ውስጥ አብሩባት። ዩራኒየም ያለባት ደማቅ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ያለባት ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ይሄ ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፣ የዩራኒየም ብርጭቆ በቅርብ ዓመታትም ተሠርቷል። ማንጋኒዝ ያለበት ነጭ ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ሲከርም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ በጨረር ሆን ብለው የሚያጠቁሩትም ስላሉ በጣም የጠቆረውን እለፉት።

ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ትንሽ ውሃ ያዙ። ደብዛዛ የሆነች ብርጭቆ ስትረጥብ ጠርታ ስትደርቅ ተመልሳ ከደበዘዘች ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል፣ በማጠብ አይለቅም። ዘይት ቀብተው የሚደብቁም አሉ። የጉድጓድ ውሃ የተወው ነጭ ዝቃጭ ከሆነ ግን አቼቶ ያነሳዋል። ስታጥቡ ፕላስቲክ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና። የፈላ ውሃ በፍጹም! ጠባብ አንገት ካላት ጥሬ ሩዝ ከሳሙና ውሃ ጋር ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሯት።

ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ሆዷን በካልሲ እንዲሞላና ሻንጣው መሀል፣ ልብስ ውስጥ እንዲቀብራት ንገሩት። እኔ አሁን የሰበታ ጽጌረዳ አስቀምጥባቸዋለሁ። ውሃውን በየቀኑ እቀይራለሁ፣ አበባው ሲጠወልግ ያኔውኑ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አፏን ወደ ላይ አድርጌ እመልሳታለሁ።