ዓይናማ (ቀዳዳ የበዛበት) መስታወት ለመሥራት፦ የጭማሪ አመራረጥ

ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ውስጥ የመጀመሪያው ናሙናዬ ከውጭ ነጭ ነበር። ስሰብረው ውስጡ ከሰል። የጨመርኩት ስታርች ተቃጥሎ ሳይወጣ መስታወቱ ለስልሶ መውጫውን ዘጋበት። የቸኮልኩት እኔው ነኝ፣ እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

የማወራው ስለ 45ኤስ5 ነው፣ እነ ላሪ ሄንች በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስለሠሩት ባዮአክቲቭ መስታወት፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከአጥንት ጋር ስለሚያያዝ መስታወት። በክብደት 45 በመቶ ሲሊካ፣ 24.5 ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5 ካልሲየም ኦክሳይድ፣ 6 ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ። አጥንት ላይ የሚጣበቀው ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ባበዛችሁለት ቁጥር ፈሳሽ የሚነካው ገጽ ይሰፋል፣ ቶሎ ይሟሟል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል።

ጭማሪ ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ለዩ፦ ቀዳዳ ሠርቶ የሚሄድ አለ፣ መስታወቱ ውስጥ የሚቀር አለ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል።

ከሚሄዱት ስታርች ቀላሉ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ስለሆነች ክር ማጠንከሪያው ስታርች እዚህ ለማንም አዲስ አይደለም። ችግሩ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ላይገናኙ ይችላሉ። የእንጀራን ዓይን አስቡት፣ ከላይ ያምራል፣ ወደ ታች ግን አያልፍም። አጥንት እንዲገባ ደግሞ የተገናኘና ከ100 ማይክሮሜትር የሰፋ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ጨው ርካሽ ነው፣ ግን ለማውጣት ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃው ደግሞ ከመስታወቱም ሶዲየምና ካልሲየም ይዞ ይሄዳል። እኔ ትቼዋለሁ።

የምመክረው ስፖንጅ ነው፣ የመስታወት ዱቄት ትለብጡትና እሱ ተቃጥሎ ሲሄድ የተገናኘው ቀዳዳው ይቀራል። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ፍራሽ የሚቆርጡ ሰዎች ጋ ቁርጥራጭ ለምኑ፣ ግን አፋችሁን አስጠግታችሁ ንፉበት፣ ትንፋሽ ካላሳለፈ አይሆንም። ፒቪኤ ሙጫ (ፖሊቪኒል አልኮል) በሙቅ ውሃ አሟሙ። ደሴ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ከ91 እስከ 92 አካባቢ ስለሚፈላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲበርድ በ60 ግራም ሙጫ ውሃ 40 ግራም የመስታወት ዱቄት በጥብጡ። በጥብጣችሁ አታሳድሩት፣ ዱቄቱ ከውሃው ጋር ሥራ ይጀምርና ይወፍራል። ስፖንጁን ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ወደ ፈርነስ (የላብራቶሪ እቶን)። በደቂቃ 2 ዲግሪ ብቻ እየጨመራችሁ 400 ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ስፖንጁ ተቃጥሎ የሚወጣው እዚህ ነው። ጭሱ መርዛም ስለሆነ አየር ማስወጫው ይብራ። ቀጥሎ 1000 ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ናሙናውን መልሳችሁ ከማሞቅ እንደ አዲስ ጀምሩ፣ ከ600 በላይ ያለውን ክልል ሁለቴ ሲያልፍ ክሪስታሉ ስለሚለያይ ከሌላው ናሙና ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ቀዳዳው 90 በመቶ ሲደርስ ጥንካሬው ከ1 ሜጋፓስካል በታች ነው። በጣት ጫን ብትሉት ይፈረፈራል።

አሁን ወደሚቀሩት። ማግኒዥየም ኦክሳይድ መስታወቱ ወደ ክሪስታል መለወጡን ስለሚያዘገይ ዱቄቱ እርስ በርስ በደንብ ይያያዛል። ዚንክ ኦክሳይድ መሟሟቱን ያቀዘቅዛል። ቦሮን ተቃራኒው ነው፣ ያፈጥነዋል። አሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ ተጠንቀቁ፣ መስታወቱን ያረጋጋል፣ ግን ጥቂት ፐርሰንት ብቻ አጥንት ላይ የመጣበቅ ችሎታውን ያጠፋዋል። ሳታውቁትም ሊገባ ይችላል፣ በአሉሚና መፍጫ ስትፈጩ ለምሳሌ። ሁለት ጭማሪ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፣ የትኛው ምን እንዳደረገ መለየት ያቅታችኋል።

ቀዳዳውን ለመለካት ሚዛንና ካሊፐር ይበቃል። አንድ ሴንቲ በአንድ ሴንቲ በአንድ ሴንቲ የሆነ ኩብ 0.81 ግራም መዘነ እንበል። የጠጣሩ መስታወት ጥግግት በኩብ ሴንቲሜትር 2.7 ግራም ነው። 0.81 ለ2.7 ሲካፈል 0.3፣ ስለዚህ 70 በመቶው ባዶ ነው።

መረጋጋቱን ለማየት የሰው ደም ፕላዝማን የሚመስለውን የጨው ፈሳሽ አዘጋጁ፣ ፒኤች 7.4፣ 36.5 ዲግሪ። ናሙናውን መዝናችሁ ንከሩ፣ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀን አውጡ፣ አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። ፈሳሹ ብዙ ይሁን። በትንሽ ጠርሙስ ከሠራችሁት ፒኤቹ ወዲያው ሽቅብ ይወጣና የምትለኩት ጭማሪውን ሳይሆን ጠርሙሱን ይሆናል።