የባለ ወፍጮውን ቤት ሙዚየም ለማድረግ ስትነሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ አንድ አሮጌ ቤት አለ። ያሠሩት ሰው በጃንሆይ ዘመን የእህል ወፍጮና የዘይት መጭመቂያ የነበራቸው ሀብታም ናቸው። አሁን የልጅ ልጆቻቸው «የአባባን ቤት ሙዚየም እናድርገው» ብለው ተነሥተዋል። አሮጌ ቤት ሳድስ ስለኖርኩ እኔንም ጠሩኝ። እዚያ ያየሁትንና ሌላም ቦታ እየተደጋገመ የሚያጋጥመኝን ስህተት ልንገራችሁ።

በሲሚንቶ መጀመር

የሳሎኑን ጥግ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው «ቦፍ ቦፍ» አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በሲሚንቶ ለስኖታል፤ ከልስኑ ኋላ ያለው ጭቃ ከእንጨቱ ለቅቋል። ጭቃና ኖራ እርጥበት ቢያስገቡም መልሰው ያስወጡታል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋዋል። ከመሬት የሚሳበው ውሃ እዚያው ይቀራል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ምስጥ ይመጣል። ግድግዳው ከውጭ ሲታይ ግን አዲስ ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም ይሄ ነው።

ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሆነው ኖራ በአሸዋ ተደባልቆ፣ በስሱ፣ በየጊዜው እየተደረበ ሲለሰን ነው። የአዳማ ነፋስ ደግሞ አይምርም፤ ኖራው ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ እንሰቅልበታለን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እናርከፈክፍበታለን። ሠራተኛው ይሰለቻል። ይሰልች።

ሌላም ነገር አለ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ጥገና የሚጀመረው ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ተገኝቶ ነው። አናጺው ከመጣ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ መሮጥ ዋጋ የለውም።

1967ን መፋቅ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ይሄም ቤት ወደ ቀበሌ ገባ። ሳሎኑ በችፑድ ለሁለት ተከፈለ፣ ሁለት ቤተሰብ ገባበት። በአንደኛው በኩል የጣውላው ኮርኒስ ላይ የምጣድ ስፋት ያለው ጥቁር ክብ አለ፤ ሥሩ ለዓመታት የላምባ ምድጃ ሲነድ የኖረበት ነው። በሩ ላይ የቀበሌው የቤት ቁጥር በቀይ ቀለም እንደተጻፈ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ቶሎ እናጥፋው፤ አባባ እንደተዉት ይሁን» አለኝ ትልቁ ልጅ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ቤቱ የተወሰደበት ቤተሰብ ነው። ግን ጥቀርሻው ከተፋቀ ጎብኚው የሚያየው የአንድ ሀብታም ሳሎን ብቻ ይሆናል። እንደዚያ ያለ ሳሎን ደግሞ የትም አለ። ሀብታሙን፣ ውርሱንና ተከራዩን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳየው ያ ጥቁር ክብ ነው። ችፑዱ ይነሣ፣ አልከራከርም። ኮርኒሱ ግን እንዳለ ይቆይ።

ወረቀቱን መጣል፣ ዕቃውን መሸጥ

ሬዲዮውንና ሲንጀሩን አጽድተው ደርድረውታል። የወፍጮው የሂሳብ መዝገብ ግን ከግብር ደረሰኞቹ ጋር በማዳበሪያ ታስሮ በረንዳ ላይ፣ ከሚጣለው ጋር ተቀምጧል! ሬዲዮ ገበያ ወጥቶ ይገዛል። ማን ስንት ኩንታል እንዳስፈጨ፣ ለተሸካሚው በቀን ስንት እንደተከፈለ የሚናገር መዝገብ ከየት ይገዛል?

በዕቃ ሽያጭ የሚመጣውን ጣጣ አሜሪካኖቹ በመኪና ሠሪው ባለሀብት በሄንሪ ፎርድ ቤት አይተውታል። ዲርቦርን ከተማ ያለው ፌር ሌን የተባለው መኖሪያው፣ ባለቤቱ ክላራ በ1943 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ዕቃው በጨረታ ተበተነ። ቆይቶ ዩኒቨርሲቲ ሲረከበው የመዋኛ ገንዳው ተሸፍኖ ምግብ ቤት ሆነበት። ቤቱን ወደ ጥንት መልኩ መመለስ ሲታሰብ ሥራው ከባዶ ክፍል ጀመረ።

የሀብቱን ትልቅነት ብቻ መተረክ

«ይሄ መስታወት ከጣሊያን የመጣ ነው» ለሚል አስጎብኚ ሦስተኛው ክፍል ላይ የሚያዛጋ አይጠፋም። ፎርድ በቤቱ አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ውሃ የራሱን መብራት የሚያመነጭ ሰው ነበር። በሞተበት ሌሊት፣ መጋቢት 29 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ ያው ወንዝ ሞልቶ መብራቱን አጠፋበትና በሻማና በላምባ ብርሃን አረፈ። የክፍሎቹን ብዛት የረሳ ሰው ይሄንን አይረሳም።

እኛም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ እዚሁ አዳማ አጠገብ ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። የወንጂን ታሪክ በኃላፊዎቹ ቪላና በአትክልቱ ብቻ የሚነግረኝ ሰው፣ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የሠራተኛውን ልጆች ጥርስ እንዴት እንዳበለዘ ካልጨመረበት ግማሹን ደብቆኛል። በባለ ወፍጮውም ቤት ከሳሎኑ በፊት መከፈት የነበረበት ከጓሮ ያለው ማድ ቤት ነው። እነሱ ግን የፕላስቲክ ወንበር ማስቀመጫ አድርገውታል።

ያልተጣራ ወሬ መለጠፍ

«ጃንሆይ እዚህ ምሳ በልተዋል» የሚል ጽሑፍ አሠርተዋል። ማስረጃው አክስታቸው ናቸው። እትዬን አከብራለሁ፤ «በቤተሰቡ እንደሚነገረው» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይጎዳም። ሐረር ያለው የራምቦ ቤት የሕንድ ነጋዴ ያሠራው፣ ስሙን የሰጠው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ከሞተ በኋላ የቆመ ቤት ነው። ሆኖም በፎቶግራፎቹና በሥነ ሕንፃው ሰው እየሳበ ይኖራል። እውነቱ ሲነገር ጎብኚ አይሸሽም።

ዋናውን ፎቶ መስቀል

የአዳማ ፀሐይ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያነጣዋል። ቅጂው ይሰቀል፣ ዋናው ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ለምርቃቱ ብቻ ማሰብ

ድንኳኑን፣ ሰንጋውንና የክብር እንግዳውን ቆጥረው ጨርሰዋል። በዓመቱ፣ ያ ነፋስ በየመስኮቱ ስንጥቅ አቧራ ሲያስገባ፣ በየጠዋቱ የሚጠርገው ማን እንደሆነና ደሞዙ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ትንሿ ልጅ ተነሥታ ማዳበሪያውን ከበረንዳው ወደ ውስጥ አስገባችው።