አዲሱ ኮምፒውተር ሲበራ አሮጌው ሞኒተር ለምን ይጨልማል? ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር በሚጠገንበት ቤት የሚውል ሰው አንድ ዓይነት ቅሬታ ደጋግሞ ይሰማል። አዲሱ ኮምፒውተር ተገዝቶ መጥቷል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ መብራቱም በርቷል፤ ለዓመታት ያገለገለው ሞኒተር ግን ጨልሞ ቀርቷል። ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ «ሞኒተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ፈርዶ ነው የሚመጣው። ይሁንና እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ችግሩ የነበረው ከኮምፒውተሩ ወደ ሞኒተሩ በሚያልፈው የምስል ምልክት ላይ ነው። ስለሆነም ሞኒተሩ መጨለሙን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደጨለመ መመልከት ይገባል፤ አንዳች ሳይጽፍ የጨለመ፣ «ኖ ሲግናል» (ምልክት አልደረሰኝም) ብሎ የጨለመና «አውት ኦፍ ሬንጅ» (የተላከልኝ ከአቅሜ ውጭ ነው) ብሎ የጨለመ ሞኒተር ሕመማቸው ለየቅል ነውና።

ምልክት፦ ምንም ጽሑፍ ሳይታይ ይጨልማል

የምስል ገመዱን ከሞኒተሩ ነቅለው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ብቻ ሰክተው ያብሩት። ጠፍጣፋ ሞኒተር ጤነኛ ከሆነ፣ ገመድ እንዳልተሰካ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ወይም በማያው ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል ትንሽ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ያሳያል። ይህ ከታየ ማያው፣ የጀርባ መብራቱና የኃይል ክፍሉ ይሠራሉ ማለት ነው። የማብሪያው ትንሽ መብራት እንኳ ካልበራ ሶኬቱንና ዲቫይደሩን በሌላ ዕቃ ይፈትኑ፤ የኃይል ገመዱንም ይቀይሩ። ትንሹ መብራት በርቶ ማያው ከጨለመ ግን፣ ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ከጎን ያብሩበት፤ ደብዛዛ ጽሑፍ ከታየ የጠፋው ምስሉ ሳይሆን የጀርባ መብራቱ ነው። ምስሉ ለ2 ሰከንድ ያህል ታይቶ የሚጠፋ ከሆነም በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ይኸው መብራትና ኃይል የሚሰጠው ሰሌዳ ናቸው፤ በአሮጌ ሞኒተሮች ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያከማቹ ትንንሽ ዕቃዎች) የተለመዱ መንስኤዎች ናቸው።

ይህን ጥገና ልምድ ላለው ባለሙያ መተው ይሻላል። የ220 ቮልቱ ኤሌክትሪክ በሞኒተሩ የኃይል ሰሌዳ ላይ ወደ 310 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኃይል ስለሚለወጥ፣ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ባለ ቱቦው ወፍራም ሞኒተር ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያቁራል።

በእኛ አካባቢ ብርዱም ሰውን ያሳስታል። የብዙ አሮጌ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች የጀርባ መብራት ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ በመሆኑ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በመንዝ የኅዳር ማለዳ ሲበራ ደብዝዞ ይጀምርና ሲሞቅ ይደምቃል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በሌሊት ከደጋ ተጭኖ፣ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ የገባ ሞኒተር ግን በውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ሳይሰካ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

ምልክት፦ «ኖ ሲግናል» ይላል፣ ወይም ትንሹ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል

ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የሚመጣው ዋናው ችግር ይህ ነው። ሰማያዊ ጫፍ ያለው፣ 15 ፒኖች በሦስት ረድፍ የተደረደሩበት የአሮጌ ሞኒተሮች ገመድ፣ ቪጂኤ፣ አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ምስሉን የሚያስተላልፈው በአናሎግ ምልክት፣ ማለትም ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ መጠን ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤችዲኤምአይና በ2006 እ.ኤ.አ. የመጣው ዲስፕሌይፖርት ዲጂታል ናቸው፤ ምስሉን በቁጥር መልክ ያስተላልፋሉ። በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. የቺፕ አምራቾቹ ኢንቴልና ኤኤምዲ፣ ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር፣ ቪጂኤን ቀስ በቀስ ለመተው ማሰባቸውን በጋራ ካሳወቁ ወዲህ፣ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ቀዳዳ እየጠፋ ሄዷል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባው ነገር ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ምልክትም መለወጥ አለበት።

ገበያ ላይ በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ቪጂኤ የሆነ፣ በመካከሉ ምንም የመቀየሪያ ዕቃ የሌለው ተራ ገመድ ይሸጣል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጥ ቺፕ ስለሌለው ከተለመደ ኮምፒውተር ጋር ምስል አያመጣም። የሚያስፈልገው በውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ነው፤ እሱም ቢሆን አቅጣጫ አለው። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ አይለውጥም፤ በመልክ ግን ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፣ ሲገዙ ሻጩን «ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ኤችዲኤምአይ ነው፤ ሞኒተሩ ቪጂኤ ነው» ብሎ በግልጽ መንገር ይጠቅማል። ምስሉ መጥቶ አሁንም አሁንም የሚቆራረጥ ከሆነ የመቀየሪያው ኃይል አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳ እንዲገኝ የሚያስገድደው 5 ቮልትና 55 ሚሊአምፔር ብቻ ነውና። በጎኑ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለውን መቀየሪያ መርጦ፣ በዚያ በኩል ተጨማሪ ኃይል መስጠት ይህን ይፈታል።

ሞኒተሩ ከቪጂኤ ሌላ ነጩ የዲቪአይ ቀዳዳ ካለው መቀየሪያ ከመግዛትዎ በፊት እሱን ይጠቀሙ። ኤችዲኤምአይና ዲቪአይ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ዲጂታል ምልክት ስለሚጠቀሙ፣ እዚህ ላይ ተራው ገመድ ያለ ቺፕ ይበቃል፤ ምስሉም ከቪጂኤው የጠራ ይሆናል። በተቃራኒው፣ በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ዲቪአይ ሁሉ አናሎግ አያወጣም። በጠፍጣፋው ፒን ዙሪያ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት አናሎግም እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ከሌሉት ዲጂታል ብቻ ነው። ኤንቪዲያ በ2016 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው «ጂፎርስ 10» ከተባሉት የግራፊክስ ካርዶች (ምስል የሚያዘጋጁ ተጨማሪ ሰሌዳዎች) ጀምሮ የዲቪአይ ቀዳዳው ዲጂታል ብቻ ሆኗል። አንድ ደንበኛ የዲቪአይ ወደ ቪጂኤ መሸጋገሪያው አልገባ ሲለው አራቱን ፒኖች በፒንሳ ቆርጦ አስገብቶት መጥቶ ነበር፤ ገባ እንጂ ምስል አላመጣም፤ የተቆረጡት ፒኖች አናሎጉን የሚይዙት ራሳቸው ነበሩ።

ገመዱ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ «ኖ ሲግናል» ካልጠፋ የተሰካበትን ቦታ ይመልከቱ። ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ኮምፒውተር፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ንብረት፣ ያን ሁሉ መንገድ የተጫነው ገመዱ ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ቀዳዳ በመሰካቱ ብቻ ነበር። እዚህ ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ብለን ስለምንጠራ በውስጡ ያለው የእውነተኛው ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ስም ይዘነጋል፤ ነገሩ የሚወሰነው ግን በእሱ ነው። ስሙ በ«ኤፍ» ፊደል የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ከ7000 ተከታታይ በፊት ከወጡት የኤኤምዲ የዴስክቶፕ ራይዘን ፕሮሰሰሮችም በስማቸው «ጂ» የሌላቸው እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ላይ የማዘርቦርዱ የምስል ቀዳዳ ቢኖርም ምስል አያወጣም። በሞኒተሩ በኩል ደግሞ የምንጭ መምረጫውን ቁልፍ ተጭነው፣ ገመዱ በተሰካበት ቀዳዳ ላይ መቆሙን ያረጋግጡ።

ምልክት፦ የኩባንያው አርማ ይታይና ዊንዶውስ ሲገባ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ ይጨልማል

ይህ በእርግጥ መልካም ዜና ነው፤ ገመዱም፣ መቀየሪያውም፣ ሞኒተሩም እንደሚሠሩ አርማው አሳይቷል። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የሆነ ሬዞሉሽን (የምስሉ ነጥቦች ብዛት) ወይም የሄርዝ መጠን (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት) ልኮበታል። ባለ 17 ኢንች አራት ማዕዘን ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ 1280 በ1024፣ ባለ 15 ኢንቹ ደግሞ 1024 በ768 ነው፤ ለሁለቱም 60 ሄርዝ ተስማሚ ነው። ሞኒተር አቅሙን የሚያስታውቀው 128 ባይት በሆነ መሠረታዊ መረጃ ሲሆን፣ በቪጂኤ ገመድ ላይ ይህ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን በኩል ነው። እነዚህ መስመሮች የተቋረጡበት ገመድ ወይም የራሱን መረጃ የሚልክ መቀየሪያ ሲኖር ኮምፒውተሩ በግምት ይሠራል።

ቀላሉ መፍትሄ ከጎረቤት ሌላ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ተውሶ፣ በእሱ ላይ 1024 በ768 እና 60 ሄርዝ መርጦ፣ ከዚያ አሮጌውን መልሶ መሰካት ነው። የሚዋሱት ከሌለ፣ ዊንዶውስ ገና ሲነሣ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጭነው በመያዝ 2 ወይም 3 ጊዜ በተከታታይ ያጥፉት፤ የማዳኛው ገጽ ሲመጣ በ«ትረብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» እና «ስታርታፕ ሴቲንግስ» በኩል አልፈው እንደገና ሲነሣ ቁጥር 3ን ይጫኑ፤ ይህ በዝቅተኛ ሬዞሉሽን ያስነሣዋል። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ረጅም የማዳኛ ቁጥር ሊጠየቁ ስለሚችሉ አስቀድመው ያዘጋጁት። አዲስ ሬዞሉሽን መርጠው ማያው ቢጨልምም አይደንግጡ፤ ለውጡን ካላጸደቁት ዊንዶውስ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ምልክት፦ ምስል መጥቷል፣ ቀለሙ ግን ተበላሽቷል

በቪጂኤ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ፒን ተለያይተው ያልፋሉ። ነጩ ገጽ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው፣ ወደ ሐምራዊ ካደላ አረንጓዴው፣ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ቀዩ ተቋርጧል። ገመዱን ነቅለው የተጣመመ ፒን ካለ በቀጭን መቆንጠጫ ቀስ ብለው ያቅኑት፤ ሲመልሱትም ሁለቱን ብሎኖች በልኩ ያጥብቁ። በመካከለኛው ረድፍ አንድ ፒን ጎድሎ ቢያዩ ተሰበረ ብለው ገመዱን አይጣሉ፤ 9ኛው ፒን በብዙ ገመዶች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የለም።